አንድ ዕቃ በሁለት ካርድ

ውድ አንባቢዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። ብርዱም እንደ ወትሮው እዚሁ ነው። ይህን የምጽፈው ጋቢ ደርቤ፣ እግሬን ወደ ከሰሉ ዘርግቼ ነው።

ዓምዱን ዛሬ ገና ለምታነቡ፣ እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። 27 ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ኮምፒውተሩንም ጨዋታውንም ያስተማረችኝ የልጅ ልጄ ናት። ጨዋታው ማይንክራፍት ይባላል። ዓለሙ ከኩብ የተሠራ ነው። ሰው ይቆፍራል፣ ይዘራል፣ ብረት ያቀልጣል፣ ቤት ይሠራል። ሌላው ጭራቅ ሲያሳድድ እኔ ሣጥን ሳደራጅ አመሻለሁ። አንድ ሣጥን ስንት ክፍል እንዳለው ታውቃላችሁ? 27። የልጅ ልጄ «አባባ፣ እርስዎ እኮ ጡረታ አልወጡም» ትለኛለች።

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ባንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። በዞናችን ያሉ ልጆች የጨዋታውን ዕቃዎች በአማርኛ እየመዘገቡ ዊኪ ይሠራሉ። ዊኪ ማለት ማንም አንባቢ ገብቶ ሊያርመው የሚችል ድረ ገጽ ነው። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1995 የከፈተው አሜሪካዊው ዋርድ ከኒንግሃም ነው። ስሙ ከሃዋይ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «ፈጣን» ማለት ነው። ልጆቹን ያጣላቸውም ይኸው ፍጥነት ይመስለኛል። ሁሉም ቶሎ ቶሎ ይጽፋል፣ ከዚያ ይሰራረዛል።

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ስድስት ሆነን ክረምት ላይ ስለ ማይንክራፍት ዕቃዎች ዊኪ ጀምረናል። አሁን 80 ገጽ ያህል አለን። ችግሩ ለአንድ ሰይፍ ሦስት ገጽ ተሠርቷል። አንዱ ‹የአልማዝ ሰይፍ› ይላል፣ አንዱ ‹ዳይመንድ ሶርድ›፣ አንዱ ‹የአልማዝ ጎራዴ›። ማንም የራሱን ማጥፋት አይፈልግም። ደንብ ይስጡን።» — የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን

ልጄ፣ መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ግምጃ ቤቱን የተረከብኩት ከአንድ አዛውንት ነበር። እሳቸው ጋራዥ ያደጉ ሰው ናቸው። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ግማሹ ቃል ከጣሊያን የቀረ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ትኩስ የወጣሁ ነኝ። እሳቸው «ኩሽኔታ» የሚሉትን እኔ «ቤሪንግ» እላለሁ። ዕቃው ያው ነው፣ የማሽን ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት። ቁጥሩ 6204። የውስጥ ቀዳዳው 20 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ዙሪያው ከዳር ዳር 47፣ ውፍረቱ 14። ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ብዳስሰው አውቀዋለሁ።

አንድ ቀን ማሽን ቆመና ጠያቂው መጣ። የየዕቃው ቀሪ ወደሚመዘገብባቸው ካርዶች ሄድኩ። «ቤሪንግ» የሚል ካርድ የለም። አዲስ ካርድ ከፈትኩ፣ «ቤሪንግ 6204፣ ቀሪ፦ ባዶ» ብዬ ጻፍኩ። መኪና ወደ አዲስ አበባ ተላከ። 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ ገዝቶ፣ 130 ኪሎ ሜትር ተመለሰ። ማሽኑ ሁለት ቀን ቆመ። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ «ኩሽኔታ 6204» የሚል ካርድ ወጣ። ከታች መደርደሪያ ላይ፣ ቅባቱ እንኳ ያልተነካ 40 ፍሬ ተቀምጧል። አለቃዬ ያኔ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

እና ደንቡ ይኸውልህ። ለአንድ ዕቃ አንድ ገጽ። የቀሩት ስሞች አይጠፉም፣ ወደ ዋናው ገጽ የሚያዞሩ ይሆናሉ። ዊኪ ለዚህ የተዘጋጀ ነገር አለው። አንድ ሰው «ጎራዴ» ብሎ ቢፈልግ ሳያስበው «የአልማዝ ሰይፍ» ላይ ያርፋል። የጓደኛህ ስም ተሸነፈ ማለት አይደለም። በር ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ዋናው የቱ ይሁን? እኔ ሁለት ጥያቄ ነው የምጠይቀው። ቃሉን አንባቢው ያውቀዋል? ቃሉ ይህን ዕቃ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ነገር ይጠራል?

ጎራዴ ቆልመም ያለ ነው። በጨዋታው ሥዕል ላይ ያለው ግን ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ሰይፍ። አልማዝን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፣ በእኛ ሰፈር ብቻ አራት አልማዝ አሉ። ስለዚህ «የአልማዝ ሰይፍ»። «ዳይመንድ ሶርድ» ያለው ልጅም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ብዙው ልጅ የሚጫወተው በእንግሊዝኛ ነው። ስልኩ ላይ የሚያየው ስም እንዳለ በላቲን ፊደል በመረጃ ሣጥኑ ውስጥ አንድ ጊዜ ይቀመጥ። የመረጃ ሣጥን የምለው በገጹ ዳር ያለውን ሰንጠረዥ ነው። ጨዋታው ራሱ ለዕቃው የሚሰጠው መለያም እዚያው ይግባ። ያ መለያ ማለት የኔ 6204 ነው። ኩሽኔታ በለው ቤሪንግ፣ 6204 አይለወጥም።

ሁሉንም ለመተርጎም ግን አትታገሉ። ሬድስቶንን «ቀይ ድንጋይ» ያለ ልጅ አይቻለሁ። በጨዋታው እኮ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ የሚባል ሌላ ዕቃ አለ። ደግሞም ሬድስቶን እንደ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚያስተላልፍ ዱቄት ነው። «ቀይ ድንጋይ» ሲባል ያ ሁሉ ይጠፋል። ሬድስቶን ሬድስቶን ይባል። ኔዘራይት የሚባለው፣ ከአልማዝ የሚበልጠው ነገርም እንደዚሁ።

በሌላ በኩል የራሳችን ቃል እያለ እንግሊዝኛ ማነብነብ ያናድደኛል። ዶማ አለ፣ አካፋ አለ፣ መጥረቢያ አለ። አፈሩን ለእርሻ የምታዘጋጀዋን መሣሪያ አንዱ «ማረሻ» ብሏታል። ማረሻ በሬ ይፈልጋል። በጨዋታው ላም ሞልቷል፣ የሚጠመድ በሬ ግን የለም። መኮትኮቻ በሏት።

ከገጾቻችሁ ሁሉ የወደድኩት «የብረት አሞሌ» የሚለውን ነው። ቀልጦ በቅርጽ የወጣውን ብረት ማለታችሁ ነው። ልጄ፣ ይህን የጻፈው ማን ነው? ሳምልኝ። አሞሌ በእኛ አገር ገንዘብ ነበር፣ አንኮበር ሥር አልዩ አምባ ገበያ ላይ ሲቆጠር የኖረ። ቅርጹም ልክ ነው። ግን ከሁለተኛው ጥያቄ አያልፍም። አሞሌ ያለ ሰው ጨው ነው የሚታየው። እናቴ ብትሰማ «ብረት ከጨው ጋር ምን አገናኘው?» ትል ነበር። በዜና «ጥፍጥፍ ወርቅ» ሲባል እንሰማለን። እኔ «የብረት ጥፍጥፍ»፣ «የወርቅ ጥፍጥፍ» ብያለሁ። «አሞሌ» ወደዚያ የሚያዞር ይሁን። እኔ በበኩሌ እሱን ጽፌ ነው የምገባው።

ሌላው ፊደል ነው። ሰይፍ በእሳቱ «ሰ» ይሁን በንጉሡ «ሠ»? ለዓይናችን አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን ሁለት ዕቃ ነው፣ ያው ሁለት ካርድ። አንዱን ምረጡና ሌላውን ወደ እሱ አዙሩ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። አ፣ ዐ። ጸ፣ ፀ። አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ ዝርዝሩን ጨርሱት። ርዕሱ ደግሞ በነጠላ ይሁን፣ «ሰይፍ» እንጂ «ሰይፎች» አይሁን። ሰው የሚፈልገው የያዘውን አንዱን ነው።

«ጋሽዬ፣ እኔ መንዜ ነኝ። እናቴ ጠጉር ስትፈትል፣ አባቴ ዝተት ሲሠራ ነው ያደግሁት። የዊኪ ጓደኞቼ የበጉን ገጽ ‹ሱፍ› አሉት። ለኔ ሱፍ በጾም የሚበላው ነው። ማን ነው ልክ?» — ከመሐል ሜዳ

ልጄ፣ አንቺ ነሽ። ከመንዝ ሰው ጋር ስለ በግ ጠጉር የሚከራከር ደፋር ነው።

ሱፍ ስንል ፍትፍቱ አለ። ለሠርግ የሚለበሰው ሙሉ ልብስም ሱፍ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን በታለፈ። ነገር ግን በጨዋታው ውስጥ የሱፍ አበባ አለ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ የሚቆም ቢጫ አበባ። ስለዚህ «ሱፍ» ብሎ የሚገባ ሰው ሁለቱንም ሊፈልግ ይችላል። ገጹን «የበግ ጠጉር» በሉት። «ሱፍ» የሚለው ደግሞ ሁለት መስመር ብቻ ያለው መለያያ ገጽ ይሁን፦ የበግ ጠጉር፣ የሱፍ አበባ። አለቀ።

ገጹ ላይ መጀመሪያ ሊመጣ የሚገባው አንድ የመንዝ እረኛ የሚጠይቀው ነው። በጉ በመቀስ ሲሸለት ከ1 እስከ 3 ጠጉር ይሰጣል። ከታረደ 1 ብቻ ነው። ይህን ከላይ ጻፉት። ስንቱ ልጅ ሳያውቅ በጉን ሁሉ እንደፈጀ እኔ አውቃለሁ፣ አንዱ እኔ ነኝ።

ጠጉሩ 16 ቀለም አለው። ለ16ቱ 16 ገጽ አትሥሩ። ከቀለም በቀር ልዩነት ስለሌላቸው አንድ ገጽ፣ አንድ ሰንጠረዥ ይበቃል። ግራጫውን «ዳለቻ» ብትይው ቅር አይለኝም፣ ለበግ ያምርበታል። ማጀንታውን ግን በስሙ ተዪው፣ ማጀንታ በግ መንዝ ላይ ማንም አላየም።

«ጋሼ፣ ከጓደኛዬ ጋር ልንኳረፍ ነው። የአልማዝ ሰይፍ ጉዳቱ 7 ነው ብዬ እጽፋለሁ። እሱ ገብቶ 8 ያደርገዋል። በሁለት ቀን ውስጥ 14 ጊዜ ተሰራርዘናል። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ 7 ነው።» — ከሸዋ ሮቢት

አንተ በኮምፒውተር ነው የምትጫወተው። እሱ በስልክ። ተሳሳትኩ?

ጨዋታው ሁለት ዓይነት አለው። ጃቫ የሚባለው ለኮምፒውተር ብቻ ነው። ቤድሮክ የሚባለው በስልክም በሌላም ይሠራል። በጃቫ የአልማዝ ሰይፍ 7 ይጎዳል። በቤድሮክ 8። ሁለታችሁም በዓይናችሁ አይታችኋል፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የጎደለው የመደርደሪያው ስም ነው። በመረጃ ሣጥኑ ውስጥ ሁለት መስመር አድርጉ፦ «ጉዳት (ጃቫ)፦ 7»፣ «ጉዳት (ቤድሮክ)፦ 8»። ልዩነት በሌለበት ቦታ ደግሞ በከንቱ አትክፈሉት። የሰይፉ ዕድሜ ለምሳሌ በሁለቱም 1561 ነው። አንድ ጊዜ ጠላት ሲመታበት ከዚህ ላይ 1 ይቀነሳል። ብሎክ፣ ማለትም ዓለሙ የተሠራበት ኩብ፣ ሲሰበርበት ግን 2። ይህቺን ያልጻፈ ገጽ ጎደሎ ነው። በሰይፍ ድንጋይ የሚቆፍር ሰው አይጠፋማ።

መለኪያውንም ጻፉ። 7 ምን? ልብ ከሆነ ሰውዬው ወዲያው ሊሞት ምንም አልቀረውም። ነጥብ ነው። ተጫዋች 20 ነጥብ አለው፣ በልብ ሲቆጠር 10። ስለዚህ 7 ነጥብ ሦስት ልብ ተኩል ነው። በአንዱ ገጽ ነጥብ፣ በሌላው ልብ እያላችሁ አታምታቱ።

መሰራረዙን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርህ። በመንግሥት ግምጃ ቤት ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል። ሲወጣ ሞዴል 22። ያለ ወረቀት የገባ ዕቃ አልገባም፣ ያለ ወረቀት የወጣ ደግሞ ተሰርቋል። ዊኪው ላይ ስታርም ከታች የለውጥ ምክንያት የሚጻፍባት አንዲት ጠባብ ሣጥን አለች። ሁላችሁም ባዶዋን ትተዋታላችሁ። «በጃቫ ሞክሬ አየሁት፣ ሥሪቱ ይህ ነው» ብለህ ብትጽፍ ኖሮ ጓደኛህ በሁለተኛው ለውጥ ላይ ይነቃ ነበር። በሦስተኛው ላይ ካልተስማማችሁ ቁጥሩን ትታችሁ ወደ ገጹ ውይይት ሂዱ። እዚያ ተናደዱ፣ ብትሰዳደቡም ይሻላል። ገጹ ላይ ግን አይሆንም።

«ወንድሜ ነግሮኝ ነው» ሞዴል 19 አይደለም። «ቲክቶክ ላይ አየሁ» በፍጹም አይደለም። ጨዋታውን ክፈት፣ ሞክር፣ የሥሪቱን ቁጥር ጻፍ።

ገጻችሁን ሳነብ ሌላም አየሁ። «ይቺን ሰይፍ ይዘህ ከወጣህ ማንም አይችልህም!» ይላል። አንደኛ፣ ሰይፍ ለምን «ይቺ» ሆነች? በእኛ አገር የወደድነውን ዕቃ ሁሉ ሴት እናደርጋለን፣ ጋቢዋ፣ ሻይዋ፣ ቤቷ እንላለን። እኔም ከላይ መኮትኮቻዋን እንደዚያው አደረግኋት። ዓምድ ስለሆነ ነው፣ በወሬም ደስ ይላል። በ80 ገጽ ላይ ግን አንዱ ሰይፍ ወንድ፣ አንዱ ሴት ሲሆን አንባቢው ሁለት ዓይነት ይመስለዋል። ባንድ ጾታ ጻፉ፣ እሱም ወንዱ ይሁን። ሁለተኛ፣ «ይዘህ» የተባለው ማን ነው? እህትህ ብታነበውስ? የአማርኛ ግስ ያለ ጾታ አይሄድም፣ «እርስዎ» ካልን ደግሞ የቀበሌ ማስታወቂያ ይመስላል። መውጫው ቀላል ነው። ሰውየውን አውጡትና ዕቃውን አስቀሩ። «3 ስንዴ በአግድም ሲደረደር 1 ዳቦ ይሠራል። ዳቦው ሲበላ 5 የረሃብ ነጥብ ይመልሳል።» አንተም የለ፣ አንቺም የለ። ሦስተኛ፣ «ማንም አይችልህም» የሚለው ፉከራ ነው። ፉከራ ለጥምቀት አቆዩት። ደግሞም ውሸት ነው፣ የኔዘራይት ሰይፍ ይበልጠዋል።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «የአልማዝ ሰይፍ ከ2 አልማዝና ከ1 ዱላ የሚሠራ የቅርብ ውጊያ መሣሪያ ነው።» ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚያገለግል። ከዚያ በታች ከየት እንደሚገኝ፣ ቀጥሎ አጠቃቀሙ፣ መጨረሻ ላይ ታሪኩ። ቅደም ተከተሉ በሁሉም ገጽ አንድ ይሁን። እኔ ግምጃ ቤቱን በጨለማ ገብቼ ብሎን አወጣ ነበር። መብራት ስለሚጠፋ።

«ጋሼ፣ ትንሹ ወንድሜ ሳምንት ሙሉ ወርቅ ሲቆፍር ከረመ። አንድ ገጽ ላይ ድግምት ያለበት የወርቅ ፖም በ8 የወርቅ ብሎክ ይሠራል ይላል። አጠራቅሞ ሲደረድር ምንም አልወጣም። አለቀሰ። ገጹን ማጥፋት አለብን?» — ከደብረ ሲና

ወይ ጉድ። አንድ ብሎክ 9 ጥፍጥፍ ነው። 8 ሲባዛ በ9፣ 72 ጥፍጥፍ። ለትንሽ ልጅ የሳምንት ድካም ነው።

ገጹ ሲጻፍ ውሸት አልነበረም። ያ ፖም በእርግጥ እንደዚያ ይሠራ ነበር። ጃቫ ላይ 1.9 የሚባለው ሥሪት ሲወጣ ቀረ። ዛሬ በቤድሮክም አይሠራም። የሚገኘው በበረሃ ፒራሚድ፣ በተተወ የማዕድን ዋሻና እነዚያን በመሰሉ ቦታዎች ካሉ ሣጥኖች ነው፣ ያውም በዕድል። ገጹን አታጥፉ፣ አሰራሩን ወደ «ታሪክ» ክፍል አውርዱት። ከላይ ያለው ዛሬ የሚሠራው ብቻ ይሁን፣ በአሁን ጊዜ ግስ፦ «ይገኛል»፣ «ይመልሳል»። ከታች ያለው በኃላፊ ጊዜ፦ «ይሠራ ነበር»፣ «በ1.9 ቀርቷል»። የጠፋ ዕቃ ካርዱ አይቀደድም። ቀሪው ዜሮ ይሆንና ካርዱ ይቀመጣል።

ገጹን ያበላሸው ግን አንድ ቃል ነው። «በቅርቡ በወጣው ሥሪት» ይላል። በቅርቡ መቼ? የጻፈው ልጅ ምናልባት አሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። «በቅርቡ»፣ «አዲሱ»፣ «በአሁኑ ወቅት»፣ እነዚህን ቃላት ከዊኪ አውጡ። እንደ ወተት ናቸው፣ ዛሬ ጥሩ ናቸው፣ ሳምንት ይሸታሉ። የሥሪቱን ቁጥርና ቀን ጻፉ።

ቀን ካልን ደግሞ ጣጣ አለ። የኛና የፈረንጅ። 1.9 የወጣው እ.ኤ.አ. የካቲት 29 ቀን 2016 ነው ብሎ የጻፈ ልጅ አለ። ፌብሩዋሪን የካቲት ብሎ መተርጎም ቀን መለወጥ አይደለም። በእኛ የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። የኔ ምክር ሁለቱንም ጻፉ፣ የፈረንጁን ወር በፈረንጅ ስሙ፦ «ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2016 (የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም.)»። ኔዘራይትን ያመጣው 1.16 የወጣው ጁን 23 ቀን 2020 ነው፣ በእኛ ሰኔ 16 ቀን 2012። ጨዋታው ራሱ ከሙከራ ወጥቶ በይፋ የተለቀቀው ኖቬምበር 18 ቀን 2011 ነበር። ይህን ቆጥሬ ኅዳር 8 ቀን 2004 ሲመጣልኝ ሳቅኩ። አርባዕቱ እንስሳ ነው።

ቀኑን ዝም ብላችሁ 8 ዓመት አትቀንሱ። ከእኛ መስከረም 1 እስከ ፈረንጁ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ሁለት ሰው ይቁጠረው። በግዕዝ ቁጥር እንጻፍ ወይ ላላችሁኝም፣ ለርዕስ ማስጌጫ ካልሆነ አይሆንም። 64 ሲጻፍ ሰንጠረዡ በቅደም ተከተል ይደረድረዋል። ፷፬ን ብዙው ልጅ አያነበውም፣ እኔም ቆም ብዬ ነው።

ለወንድምሽ አንድ ነገር ንገሪው። ተራው የወርቅ ፖም ዛሬም ይሠራል፣ በ8 ጥፍጥፍና በ1 ፖም። 72 ጥፍጥፍ ካለው 9 ይወጣለታል። አያልቅስ።

«እንግሊዝኛውን ዊኪ ተርጉመን ብንለጥፍ ምን አለበት? ሁሉም ነገር እዚያ አለ።» — ከአረርቲ

ፈቃዱን አንብቡ። የማይንክራፍት ዊኪ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው የሚወጣው። መተርጎም ይቻላል፣ ግን ሦስት ነገር ይጠይቃል። ከየት እንደመጣ መግለጽ፣ በዚያው ፈቃድ ለሌላው መልቀቅ፣ ለንግድ አለማዋል። ገጹ ታች አንድ መስመር ማኖር ከባድ አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በሣጥን አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ የሚቀመጠውን፣ እንግሊዝኛው «ስታክ» የሚለውን፣ አንዱ ተርጓሚ «ቁልል» አለ፣ አንዱ «ክምር»፣ አንዱ «ጥቅል»። ቃሉ አንድ ካልሆነ ትርጉሙ 80 ገጽ ላይ 80 ጊዜ ይበላሻል። የምንጃር ልጅ አይደለህ? የጤፍ ክምር ታውቃለህ። «ክምር» በለውና ጨርስ። ስንዴ በአንድ ክምር 64፣ እንቁላል 16፣ ሰይፍ 1።

«የሰይፉ ገጽ ላይ ስለ አንኮበር ቤተ መንግሥትና ስለ ሸዋ ነገሥታት ሦስት አንቀጽ ጻፍኩ። ታላቅ ወንድሜ አጠፋው። ‹ምርጥ ሰይፍ› ያልኩትንም ሰረዘው። ቀንቶ ነው አይደል?» — ከአንኮበር

አልቀናም፣ ልጄ። ጽሑፍሽን ልከሽልኛል፣ አንብቤዋለሁ፣ ያምራል። ለትምህርት ቤታችሁ መጽሔት ስጪው። አንኮበር ቁጭ ብሎ ስለ አንኮበር የሚጽፍ ሰው ያስፈልገናል። የጨዋታው ሰይፍ ግን አንኮበርን አያውቅም። ሰይፉን ሊሠራ የገባ ልጅ ሦስት አንቀጽ ወርዶ ነው 2 አልማዝ እንደሚያስፈልገው የሚያየው።

«ምርጥ» ላይም ወንድምሽ ልክ ነው። ምርጥ ለምን? ቁጥሩን ጻፊና አንባቢው ይፍረድ። ብቻ ሲሰርዝ ምክንያቱን አልጻፈም። ለእሱም ይህን አሳይው።

«ጋሼ፣ እኔ እናት ነኝ እንጂ ተጫዋች አይደለሁም። ልጄ ይህን ዊኪ የሚሉትን ከጀመረ ወዲህ የጓዳዬን ዕቃ ሁሉ ወረቀት ለጠፈበት። የበርበሬው ቆርቆሮ ላይ ‹በርበሬ። ከየት ይገኛል፦ ከአክስቴ። ክምር፦ 1› ብሎ ጽፏል። ሽሮው ላይ ‹ታሪክ› የሚል አለ። ልቆጣው ወይስ ልተወው?» — ከደብረ ብርሃን፣ 07 ቀበሌ

እህቴ፣ ይተዉት። አንድ ነገር ብቻ ይዩልኝ። በርበሬው ወረቀት ላይ የተፈጨበትን ቀን ጽፏል? ካልጻፈ ይመልሱለትና አሟልቶ ይለጥፍ። ሽሮው ላይ ያለውን ታሪክ ደግሞ በሚቀጥለው ደብዳቤዎ ገልብጠው ይላኩልኝ።